የሮታክስ 912 የቤንዚን ፓምፖችንና ግፊታቸውን እንዴት እንፈትሻለን?

በቀላል የስፖርት አውሮፕላኖች ላይ በብዛት የሚገኘው ሞተር የኦስትሪያው ሮታክስ 912 ነው። ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ክፍል) ያለው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የቤንዚን ፓምፕ አለው፦ አንዱ ማርሽ ሳጥኑ ላይ ታስሮ በሞተሩ ጉልበት የሚሠራ መካኒካል ፓምፕ፣ ሌላው በማብሪያ የሚነሳ የኤሌክትሪክ ፓምፕ። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ የአንዱ መሞት አይታወቅም። ስለዚህ እያንዳንዱን ለብቻው ማየት ግድ ነው።

የቤንዚን ግፊቱን ቁጥሮች ይያዙ፦ ዝቅተኛው 0.15 ባር፣ መደበኛው 0.3፣ ከፍተኛው 0.4 ባር (5.8 ፒኤስአይ)። አዲሱ ዓይነት መካኒካል ፓምፕ ከተገጠመ እስከ 0.5 ይፈቀዳል። በካርቡሬተር ፋንታ ኢንጀክሽን (ቤንዚንን በግፊት የሚረጭ ሥርዓት) ያለው 912 አይኤስ 3 ባር ገደማ ስለሚሠራ እነዚህ ቁጥሮች አይመለከቱትም።

ሞተሩ ሳይነሳ ማስተሩን (ዋናውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ)፣ ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ፓምፑን ያብሩና ጆሮ ይስጡ። ቱክ ቱክ የሚለው ዓይነት ፓምፕ ቱቦው ባዶ ሲሆን ይፈጥናል፣ ግፊት ሲይዝ ዝግ ይላል። ዝግ አልል ካለ ወይ ቤንዚን አልደረሰውም፣ ወይ አንድ ቦታ አየር ይስባል።

አሁን ፓምፑን ያጥፉና ሞተሩን ያስነሱ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ፓምፑ ያስቀመጠው ግፊት ቱቦው ውስጥ ትንሽ ስለሚቆይ ጌጁ ላይ የሚታየው ቁጥር የመካኒካሉ ሥራ ላይሆን ይችላል። የካርቡሬተሮቹ ጎድጓዳ ሳህኖችም ቤንዚን ይዘዋል፤ በዝግታ የሚዞር ሞተር በዚያች ቤንዚን ብቻ ለጥቂት ጊዜ ይሠራል። «ሞተሩ እየሠራ ነው» ማለት ፓምፑ ደህና ነው ማለት አይደለም። ሞተሩ ሲሞቅ፣ ጎማዎቹ ታግደው፣ የኤሌክትሪክ ፓምፑ እንደጠፋ ጋዙን እስከ መጨረሻው ይስጡ። ግፊቱ ከ0.15 በታች ከወረደ ለበረራ አይነሱ። ለበረራ ሲነሱ የኤሌክትሪክ ፓምፑን ያበራሉ፤ በቂ ከፍታ ላይ ሲያጠፉት ዓይንዎን ጌጁ ላይ ያኑሩ፣ ከወደቀ ወዲያው ይመልሱት።

ግፊት ሲያንስ ፓምፕ ለመግዛት አይቸኩሉ። ከፓምፑ ይልቅ የግፊት ሴንሰሩ በንዝረት ተበላሽቶ ሐሰት የሚናገርበት ጊዜ ብዙ ነው። በቱቦው ላይ መርፌ ያለው ጌጅ አስገብተው ያወዳድሩ። ቁጥሩ እውነት ከሆነ ፊልትሮውን፣ የሰርባትዮውን (የቤንዚን ታንኩን) መተንፈሻና በመምጠጫው በኩል ያሉትን ፋሸታዎች (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበቶች) ይዩ። እዚያ በኩል የላላ ፋሸታ ቤንዚን ላያንጠባጥብ ይችላል፤ አየር ያስገባል እንጂ።

ፍሰቱን መለካት ከፈለጉ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ እሳት ማጥፊያ በቅርብ ይዘው፣ ቱቦውን ወደ ሁለቱ ካርቡሬተሮች ከመከፈሉ በፊት ይፍቱና በኤሌክትሪክ ፓምፑ ለአንድ ደቂቃ ወደ ብረት ዕቃ ይቅዱ። ካርቡሬተር ካላቸው ዓይነቶች አንዱ የሆነው 912 ዩኤልኤስ በሙሉ ኃይል በሰዓት 27 ሊትር ገደማ ይጠጣል። በፓምፕ ለሚመገብ ሞተር ፍሰቱ የዚህ 125 በመቶ ሊሆን ይገባል፣ ማለትም በደቂቃ 0.56 ሊትር።

ግፊት ሲበዛም አደጋ ነው፦ የካርቡሬተሩ መርፌ ሊዘጋው ስለማይችል ቤንዚን ይሞላና በመተንፈሻው ይፈስሳል። ከመኪና ኢንጀክሽን የተወሰደ ፓምፕ መግጠም ቁጠባ አይደለም፣ እሳት መጥራት ነው።

የኤሌክትሪክ ፓምፑን ዝቅ አድርገው ከሰርባትዮው አጠገብ ይግጠሙት። በሞቀ ኮፈን ውስጥ የሚመጠጥ ቤንዚን በቀላሉ ይተንናል፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ሁሉ ቤንዚኑም ከፍታ ሲጨምር ቶሎ ይፈላል። ወደ ሰርባትዮው የሚመልሰው ቀጭን መስመር የተተከለው ይህን እንፋሎት ለማስወጣት ስለሆነ አይድፈኑት፣ ውስጡ ያለውን ባለ ጠባብ ቀዳዳ ማጥበቢያም አይንቀሉት። የጎማ ቱቦዎቹን በየ5 ዓመቱ ይቀይሩ።