«ጎረቤቶቹ ዝም አሉ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

ግንቦት ሲገባ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ፋታ ያጣሉ። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚታተምበትና የሚጠረዝበት ሰሞን ነው። እኔ ከማነባቸው ጽሑፎች መካከል በየዓመቱ አንድ ርዕስ አይጠፋም። አምባገነን መንግሥት ሕዝቡን ሲያስርና ሲገድል፣ አጠገቡ ያሉ ዴሞክራሲያዊ አገሮች ምን አደረጉ? የሚል ነው። ርዕሱን እወደዋለሁ። እዚህ ጎጃም ውስጥ ያደገ ልጅ ይህን ሲጠይቅ ከመጽሐፍ ብቻ ተነስቶ አይደለም። በቀይ ሽብር ዘመን ልጁን ያጣ፣ ወንድሙ ወደ ሱዳን እንደወጣ የቀረበት ቤት ብዙ ነው። «ያኔ ጎረቤት የት ነበር?» የሚለውን ልጁ እቤቱ ሲሰማው አድጓል።

ጥያቄው እንዲህ ከባድ ሆኖ ሳለ መልሱ በሁለት መስመር ሲያልቅ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች እዚህ ልጻፋቸው። ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መንግሥትንና አገርን አንድ ማድረግ

«ደቡብ አፍሪካ በዚምባብዌ ጉዳይ ዝም አለች።» ይህች ዓረፍተ ነገር የሌለችበት ጽሑፍ እጄ የገባው ከስንት አንዴ ነው። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ደቡብ አፍሪካ ማን ናት?

2008ን ብቻ እንውሰድ። በማርች 29 ዚምባብዌ ውስጥ ምርጫ ተደረገ። የፕሬዚዳንቱ ምርጫ ውጤት ግን ከአንድ ወር በላይ ሳይነገር ቆየ። በዚህ መሃል የደቡብ አፍሪካው ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ ሐራሬ ላይ ከዚምባብዌው ፕሬዚዳንት ከሙጋቤ ጋር ተነጋግረው ሲወጡ ቀውስ የሚባል ነገር የለም አሉ። ተማሪው እዚህ ሲደርስ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። «ዝም አለች» ብሎ ጨረሰ።

ቀናት ሳይቆዩ አን ዩዌ ጂያንግ የምትባል የቻይና መርከብ ለዚምባብዌ የተላከ ጦር መሣሪያ ጭና ደርባን ወደብ አጠገብ መልሕቋን ጣለች። ከጭነቱ ውስጥ 3 ሚሊዮን ያህል ጥይት ነበር። መንግሥት መሣሪያው በአገሩ በኩል እንዲያልፍ ፈቅዷል። የወደብ ሠራተኞቹ ግን አናወርድም አሉ። ማኅበራቸው ሾፌሮቹም በመኪና እንደማያጓጉዙት አስታወቀ። የአንግሊካን ጳጳሱ ሩቢን ፊሊፕ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ፍርድ ቤቱም ጭነቱ እንዳያልፍ አገደ። መርከቧ መሣሪያውን ሳታወርድ ከደርባን ሄደች። የዛምቢያው ፕሬዚዳንት ሌቪ ምዋናዋሳ ደግሞ ሌሎቹ የአካባቢው አገሮች እንዳይቀበሏት ጠየቁ። ቦትስዋናም በጁን ሙጋቤ ብቻቸውን የቀሩበትን ሁለተኛ ዙር ምርጫ አልቀበልም አለች። ፕሬዚዳንቷ ኢያን ካማ ጆሃንስበርግ ላይ ከተደረገው የሳድክ (የደቡባዊ አፍሪካ አገሮች ማኅበር) ጉባኤ ቀሩ።

አያችሁ? በአንድ ወር፣ በአንድ አገር ውስጥ፣ ፕሬዚዳንቱ ችግር የለም ይላሉ፣ ሠራተኛው ጥይቱን አልነካም ይላል፣ ዳኛው ያግዳል። ይህን ሁሉ ሰው «ዝም አለች» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ መቅበር ምን የሚሉት ፍርድ ነው? ያ ክሬን ነጂ የዕለት እንጀራው ላይ ቆርጦ ነው እምቢ ያለው። ስለማያውቃቸው የሐራሬ ሰዎች ሲል። ታሪኩ ውስጥ ቦታ ሊያጣ አይገባም።

ደግሞ ወዲያው ወደ ሌላኛው ጫፍ እንዳትሮጡ። «መንግሥት ክፉ፣ ሕዝብ ደግ» ብላችሁም አትለፉት። በወሩ፣ በሜይ 2008፣ ከጆሃንስበርግ ተነስቶ በተዛመተ በመጤዎች ላይ ያነጣጠረ ጥቃት ከ60 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ከዚምባብዌ ነፍሳቸውን ለማትረፍ የሸሹ ሰዎችም የጥቃቱ ሰለባ ሆነዋል። በሴፕቴምበር ደግሞ ሙጋቤና የተቃዋሚው መሪ ቻንጊራይ ሥልጣን እንዲጋሩ ያፈራረመው የእነዚያው የምቤኪ ሽምግልና ነው። ስምምነቱ ደካማ ነበር፤ ግን ነበር።

አንድ ልጨምር። በ2002 ምቤኪ የዚምባብዌን ምርጫ እንዲታዘቡ ሁለት ዳኞች ልከው ነበር፤ ሲሲ ካምፔፔንና ዲክጋንግ ሞሴኔኬን። ዳኞቹ ምርጫው ነፃና ፍትሐዊ አልነበረም ብለው ጻፉ። ሪፖርቱ ግን መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈበት። ወደ አደባባይ የወጣው በ2014፣ አንድ ጋዜጣ በፍርድ ቤት ለዓመታት ተሟግቶ ነው። ስለዚህ ችግሩ አለማወቅ አልነበረም። ጎረቤት መንግሥት አውቆ ጆሮ ዳባ ልበስ ሲል ብዙ ጊዜ የሆነ ቦታ ወረቀት ይቀራል። እናንተ ያንን ወረቀት ፈልጉ። የዓረፍተ ነገራችሁ ባለቤት ፕሬዚዳንቱ ይሁን፣ ፓርላማው፣ ፍርድ ቤቱ፣ ማኅበሩ ወይስ ቤተ ክርስቲያኑ? ጻፉት። አገር ብቻውን ግሥ አይሸከምም።

ታንዛኒያን እንደ ዴሞክራሲ መጥቀስ

ኢዲ አሚንን የጣለችው ታንዛኒያ ናት። እውነት ነው። ግን የኔሬሬ ታንዛኒያ በአንድ ፓርቲ የምትመራ አገር ነበረች። ጦርነቱም የተነሳው አሚን በ1978 መጨረሻ የካጌራን መሬት ስለወረሩ ነው። የኡጋንዳ ሕዝብ ከዚያ በፊት ሰባት ዓመት ሲታረድ ኖሯል። ኔሬሬ አሚንን አምርረው ይጠሉ ነበር፤ በ1975 ካምፓላ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤም አልተገኙም። ይህ ያስከብራቸዋል። ሆኖም ካምፓላ በኤፕሪል 1979 የተያዘችው ድንበር በመደፈሩ በተጀመረ ጦርነት ነው። ምሳሌው ለክርክራችሁ አማላይ ስለሆነ ብቻ አታስገቡት።

«ሴኔጋል ጃሜህን ለሰብአዊ መብት ብላ አባረረች»

ክርክር ክበባችን ውስጥ አንድ ጎበዝ ተማሪ ይህን በሙሉ ልብ ተናግሮ ሲቀመጥ፣ ከወዲያ በኩል የነበረችው ልጅ ተነስታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ «ታዲያ 22 ዓመት ሙሉ ምን ስትጠብቅ ነበር?» መልስ አልነበረውም።

ያህያ ጃሜህ ጋምቢያ ውስጥ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዙት በ1994 ነው። በ2005 ጋምቢያ ውስጥ ከ40 በላይ ጋናውያን ስደተኞች ተገደሉ። ጋና ጮኸች፣ መርማሪ ላከች፣ በመጨረሻም በካሳና በጥቂት አስከሬኖች ተስማማች። በ2012 ዘጠኝ እስረኞች ሲረሸኑ ሁለቱ ሴኔጋላውያን ነበሩ፤ ዳካር ተቃውሞዋን አሰማች፣ ነገሩም በዚያው ቀረ። ጦር የተንቀሳቀሰው መቼ ነው? ጃሜህ በዲሴምበር 2016 ምርጫ ተሸንፈው፣ ሽንፈታቸውን ተቀብለው፣ ከሳምንት በኋላ ቃላቸውን ካጠፉ በኋላ። አሸናፊው አዳማ ባሮው ዳካር በሚገኘው የጋምቢያ ኤምባሲ ውስጥ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በዚያው ዕለት፣ በጃንዋሪ 19 ቀን 2017፣ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበር የኤኮዋስ ጦር ድንበር አለፈ። ከሁለት ቀን በኋላ ጃሜህ አገር ለቀው ወጡ።

ልዩነቱን ያዙ። ጎረቤቶቹ የገቡት እጃቸው ላይ የምርጫ ውጤትና የሕጋዊ ፕሬዚዳንት ጥሪ ስለነበረ ነው። ጋምቢያ ትንሽ አገር ናት፤ ሴኔጋል በሦስት አቅጣጫ ከብባታለች። ይህ ሁሉ ባልተገጣጠመበት ቦታ «እንደ ጋምቢያው ይደረግ» ብሎ መደምደሚያ መጻፍ አያስኬድም።

ዋጋውን አለመቁጠር

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንላለን። የቅርብ ጎረቤት ግን ለበቀልም ቅርብ ነው። ቦትስዋና በ1980ዎቹ ዴሞክራሲ ነበረች፤ ሕዝቧ 1 ሚሊዮን ገደማ። ንግዷም ባቡሯም በአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ በኩል ያልፋል። የነፃነት ታጋዮች ጦር ሰፈር እንዲከፍቱ አልፈቀደችም፤ የሸሸውን ሰው ግን አልመለሰችም። በጁን 14 ቀን 1985 የደቡብ አፍሪካ ኮማንዶዎች በሌሊት ጋቦሮኔ ገብተው 12 ሰዎች ገደሉ። ከሟቾቹ መካከል ሕፃን ልጅ ነበረ። ቦትስዋና ከዚያም በኋላ ስደተኛ መቀበሏን አልተወችም።

«ቦትስዋና ጠንከር ያለ እርምጃ አልወሰደችም» የሚል ጽሑፍ ሳነብ ጸሐፊውን ያቺ ሌሊት ጋቦሮኔ ውስጥ ባሳደርኩት እላለሁ።

ማዕቀብን አንድ ነገር አድርጎ ማየት

«ማዕቀብ ተጣለ» ብላችሁ አትለፉ። ምን ተከለከለ? ምን ተተወ? በላይ ዘለቀን እየሰማ ያደገ የጎጃም ልጅ ይህ ሊጠፋው አይገባም። በኖቬምበር 1935 በፋሺስት ኢጣሊያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ ነዳጅን አልጨመረም፤ የስዊዝ ቦይም ለጦር መርከቦቿ ክፍት ነበር። ፈረንሳይ ዴሞክራሲ ነበረች። በአልፕስ በኩል የኢጣሊያ ጎረቤት፣ በጅቡቲ በኩል ደግሞ የእኛ። የእሷ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል በዲሴምበር ከእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆር ጋር ሆነው የኢትዮጵያን ሰፊ መሬት ለሙሶሎኒ የሚሰጥ ዕቅድ አወጡ። ከዚያ የመርዝ ጋዙ መጣ። በጁላይ 1936 ማዕቀቡ ተነሳ። ወረቀት ላይ «ማዕቀብ» ነበር፤ አርበኛው ላይ የደረሰው ግን ሌላ ነው።

ስደተኛን ከ«ምላሽ» ውጭ ማድረግ

መግለጫ ብቻ የምትቆጥሩ ከሆነ ግማሹን ሥራ አልሠራችሁም። ማውገዝ ርካሽ ነው፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አንድ ገጽ ያወጣል፣ በቃ። ሰው ተቀብሎ ማኖር ግን ትምህርት ቤት ይፈልጋል፣ ሐኪም ቤት ይፈልጋል፣ በምርጫ ድል ያስገኛል ወይም ያሳጣል።

ኮሎምቢያ ከሌሎች አገሮች ጋር የሊማ ቡድን ተብሎ በ2017 ቬኔዝዌላን የሚያወግዝ ሰነድ ፈርማለች። ብዙ ተማሪ ይህን ይጠቅሳል። ለእኔ ከዚያ የሚበልጠው በ2021 ያደረገችው ነው። ከ1 ሚሊዮን በላይ ለሆኑ ቬኔዝዌላውያን እስከ 10 ዓመት የሚቆይ ሕጋዊ ከለላ ፈቀደች። በሕጋዊ መንገድ ሥራ መያዝ፣ ባንክ ሒሳብ መክፈት ማለት ነው።

በተቃራኒው ሊትዌኒያንና ፖላንድን እዩ። ከሉካሼንኮ የሸሹ የቤላሩስ ተቃዋሚዎችን አስጠልለዋል፤ የተቃዋሚዎቹ መሪ ስቪያትላና ፂካኖውስካያ በ2020 ሸሽተው የተጠለሉት ሊትዌኒያ ነበር። በ2021 ሉካሼንኮ ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ ስደተኞችን ወደ ድንበራቸው ሲገፉ ግን እነዚያው አገሮች ሰዎቹን ወደ ጫካው መለሷቸው። ሁለቱንም ጻፉ። አንዱን ብቻ የሚጽፍ ጠበቃ ነው ወይም ከሳሽ፤ እኔ ደግሞ ከእናንተ የምፈልገው ምርምር ነው።

የአፍሪካ አንድነት ድርጅትንና የአፍሪካ ኅብረትን ማምታታት

የ1963ቱ ቻርተር በአባል አገር የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አትግቡ ይላል። በ2000 የጸደቀው የኅብረቱ ማቋቋሚያ አንቀጽ 4 ደግሞ በጦር ወንጀል፣ በዘር ማጥፋትና በሰብአዊነት ላይ በሚፈጸም ወንጀል ጊዜ ጣልቃ መግባትን ይፈቅዳል። በ1977 ዝም ያለን ጎረቤት በ2000 በጸደቀ ሕግ አትክሰሱት።

አምባገነኑ ሲወድቅ ጽሑፉን መጨረስ

የቻዱ አምባገነን ሂሴን ሐብሬ በ1990 ከአገራቸው ሸሽተው የገቡት ሴኔጋል ነው። ሴኔጋል በምርጫዋ የምትመሰገን አገር ናት፤ እሳቸው ግን ዳካር ውስጥ ተደላድለው ኖሩ። በ2000 ክስ ቢመሠረትም ጉዳዩ ሲጓተት ቤልጂየም ሴኔጋልን ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ድረስ ከሰሰቻት። በ2012 ፍርድ ቤቱ ወይ ክሰሷቸው ወይ አሳልፋችሁ ስጡ አለ። በሜይ 2016 ዳካር ውስጥ የተቋቋመው ልዩ ችሎት ዕድሜ ልክ ፈረደባቸው። ይህን ያመጡት ከእስር ቤት የተረፉ ቻዳውያን ናቸው፤ ከ25 ዓመት በላይ ማስረጃ ሲሰበስቡና በር ሲያንኳኩ ቆይተው። የጎረቤት ምላሽ ስትጽፉ አምባገነኑ ከወደቀ በኋላ ማን አስጠለለው፣ ስንት ዘመን፣ በማን ግፊት ተነካ የሚለውን ጨምሩ።

የዘመን አቆጣጠር

በመጨረሻ፣ እባካችሁ፣ ዓመቱን ቀይሩ። ኮሎኔል መንግሥቱ ወደ ሐራሬ የሄዱት ግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓ 1991። አንድ ተማሪ 1983ን እንዳለ ወስዶ፣ በዚያ ዓመት የሙጋቤ ጦር ማታቤሌላንድ ውስጥ ሕዝብ ይጨፈጭፍ እንደነበር አነበበ። ያ እውነት ነው። ከዚያ ሁለቱን አያይዞ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፈ። ምዕራፉ በደንብ የተጻፈ ነበር፤ ግን በስምንት ዓመት ስቷል፤ ሙሉውን ማውጣት ነበረበት። ከማስጠረዛችሁ በፊት ዓመቶቹን አንድ በአንድ እያሰመራችሁ እዩ። ያልገባችሁ ካለ ይዛችሁልኝ ኑ፤ አብረን እናየዋለን።