«ዓሣ» በአራት ቦታ፦ ጽሑፍ በምድብና በታግ ሲደራጅ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ሀዋሳ የሚጽፍ ሰው ርዕስ አያጣም። ሐይቁ አለ፣ የአሞራ ገደል ዓሣ አለ፣ ታቦር ተራራ አለ፣ ፍቼ ጨምበላላ አለ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች የቤት ኪራይ ጣጣም አለ። ችግር የሚመጣው ጽሑፎቹ ብሎግ ላይ ሲጠራቀሙ ነው። አንድ ሰው ስለ አሞራ ገደል የጻፉትን አንብቦ ወደደው እንበል። ስለዚያው ቦታ ሌላ ጽፈው ከሆነ በምን ያገኘዋል? ምድብና ታግ የተሠሩት ለዚህ ሰው ነው።

መጀመሪያ ሁለቱን እንለይ። ምድብ ወይም ካታጎሪ የገጹ ትልቅ ክፍል ነው፤ በሥሩ ንዑስ ምድብ መያዝ ይችላል። ታግ ግን ጽሑፉ ላይ የሚለጠፍ መለያ ቃል ነው፤ አለቃና ምንዝር የለውም፣ ሁሉም እኩል ነው። ድረ ገጽና ብሎግ መሥሪያው ዎርድፕሬስ ላይ ሁለቱም አሉ። የጉግል ብሎግ መሥሪያ ብሎገር ላይ ሌብል ብቻ፣ ቴሌግራም ላይ ሃሽታግ ብቻ ነው ያለው። እዚህ የማወራው በብዛት ስለ ዎርድፕሬስ ነው፤ ስህተቶቹ ግን ሁሉም ጋር አሉ።

1. ሳይመድቡ መለጠፍ

ምድብ ካልመረጡ ዎርድፕሬስ ጽሑፉን ራሱ «ያልተመደበ» ውስጥ ይከተዋል። አንባቢም ከርዕሱ አጠገብ «ያልተመደበ» የሚል ያያል፤ ደስ አይልም። ሴቲንግ ገብተው ነባሪውን ምድብ ብዙ ወደሚጽፉበት ክፍል ይቀይሩት። በቃ።

2. ለእያንዳንዱ ነገር ምድብ መክፈት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስለ አሞራ ገደል ይጽፍና «አሞራ ገደል» የሚል ምድብ ይከፍታል። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ታቦር ይጽፍና «ታቦር ተራራ» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ሜኑው ስልክ ላይ ተዘርግቶ አያልቅም።

ስለ ሀዋሳ ለሚጽፍ ሰው ምግብ፣ ጉዞ፣ ባህል፣ ሥራና ኑሮ የሚሉ አራት ምድቦች ለረጅም ጊዜ ይበቁታል። አሞራ ገደል ታግ ነው መሆን ያለበት። ለምን? ቁርስ ላይ ስለሚበላው ዓሣ የጻፉት «ምግብ» ውስጥ ይገባል፣ ስለ ጀልባ ሽርሽሩ የጻፉት «ጉዞ» ውስጥ፣ ስለ ዓሣ አጥማጆቹ ገቢ የጻፉት «ሥራና ኑሮ» ውስጥ። ሦስቱም ግን አሞራ ገደልን ይነካሉ። ታግ ምድቦቹን አቋርጦ ሦስቱን ያገናኛቸዋል፤ ምድብ ይህን አይችልም። ስለዚህ አንድን ስም ምድብም ታግም ማድረግ ትርፉ ድካም ነው።

አንዱን ጽሑፍ አራቱም ምድብ ውስጥ የሚያስገቡም አሉ። «ሁሉንም ይመለከታል» ይላሉ። ከዚያ አንባቢ የትኛውንም ክፍል ቢከፍት ያንኑ ዝርዝር ያገኛል። ጨክነው አንዱን ይምረጡ፤ የቀረውን ታጉ ይሸከመው።

3. አንድን ስም በብዙ ፊደል መጻፍ

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ከሁሉም የከፋው ይህ ይመስለኛል። ስለ ታግ የሚያስተምሩ የፈረንጅ መመሪያዎች አያነሱትም፤ ችግሩ የእነሱ አይደለማ።

«ዓሣ» የሚለውን ይውሰዱ። «አሳ» ብሎ የሚጽፍ አለ፣ «ዓሳ» የሚል አለ፣ «አሣ» የሚልም አለ። እኛ አራቱንም አንድ አድርገን እናነባለን። ኮምፒውተር ግን አያደርገውም። ኮምፒውተር ፊደላትን በቁጥር በሚለይበት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ «ሰ» እና «ሠ» የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ «አ» እና «ዐ»ም እንደዚሁ። ስለዚህ ስለ ቆሮሶ ጥብስ የጻፉት አንድ ታግ ሥር፣ ስለ አምባዛ ጉላሽ የጻፉት ሌላ ታግ ሥር ይቀመጣል። አንዱን የከፈተ አንባቢ ሌላውን አያየውም።

የከተማዋ ስም ራሱ «ሀዋሳ»፣ «ሐዋሳ»፣ «አዋሳ» እየተባለ ይጻፋል። ላዩ ላይ «ሐይቅ» እና «ሀይቅ» ሲጨመሩበት የሀዋሳ ሐይቅ ብቻውን በስድስት መልክ ሊመጣ ነው። «ፍቼ» እና «ፊቼ»፣ «ጨምበላላ» እና «ጫምባላላ»ም አሉ። «የ»ም ጣጣ አላት፦ «ታቦር ተራራ» እና «የታቦር ተራራ» ሁለት ታግ ናቸው።

የትኛው አጻጻፍ ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለቋንቋ ሰዎች እንተወው። እዚህ የሚያስፈልገው አንዱን መርጦ አለመልቀቅ ነው። የመረጧቸውን ታጎች ስልክዎ ማስታወሻ ላይ ይጻፏቸውና ከዚያ እየገለበጡ ይለጥፉ። ዎርድፕሬስ መጻፍ ሲጀምሩ የነበሩትን ታጎች ይጠቁማል፤ ነገር ግን በ«ዓ» ከጀመሩ በ«አ» የተመዘገበውን አያሳይዎትም፤ ስለዚህ እሱን ብቻ አይመኑ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ታግ የሚያስገባው አንድ ሰው ይሁን።

ቴሌግራም ላይ አንድ ነገር ይጨመር። ሃሽታግ ክፍት ቦታ ላይ ያበቃል። «#ሀዋሳ ሐይቅ» ቢሉ ታግ የሚሆነው «ሀዋሳ» ብቻ ነው። በሥር ሰረዝ ያያይዙት፦ «#ሀዋሳ_ሐይቅ»።

4. ታግ ሲበዛ ጉግል ያወጣኛል ብሎ ማሰብ

አንድ ጽሑፍ ሥር ሃያ ታግ የሚደረድሩት ለዚህ ነው። ጉግል የታግ ብዛት አይቶ ደረጃ አይሰጥም። ዎርድፕሬስ ግን ለእያንዳንዱ ታግ የራሱን ገጽ ይከፍታል፤ ሃያ አዲስ ታግ ማለት አንድ ጽሑፍ ብቻ የተቀመጠባቸው ሃያ ገጾች ማለት ነው። እኔ ራሴን የምጠይቀው ሌላ ሁለት ጽሑፍ እዚህ ታግ ሥር ይመጣ እንደሆነ ነው። ካልመጣ አልከፍተውም።

5. ዓመተ ምሕረትን ምድብ ማድረግ

ዎርድፕሬስ ጽሑፎችን በወርና በዓመት ራሱ ይደረድራል፤ ዓመትን ምድብ ማድረግ ድግግሞሽ ነው ይባላል። በእኛ አገር ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ድርድሩ የሚሠራው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው። ሴፕቴምበርን ሲከፍቱ የነሐሴ መጨረሻ፣ ጳጉሜንና መስከረም ተቀላቅለው ይመጣሉ፤ የአሮጌውና የአዲሱ ዓመት ጽሑፍ አንድ ላይ ማለት ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ደግሞ የከዋክብት አዋቂዎች ሰማይ አይተው ነው ቀኑ የሚታወቀው፤ በየዓመቱ ይለዋወጣል። ስለዚህ በየዓመቱ ስለ በዓሉ የሚጽፍ ሰው የዓመቱን ቁጥር ታግ ቢያደርግ ይጠቅመዋል። ምድብ ግን አይሁን።

6. አድራሻውን መርሳት

ምድቡ ስሙ በአማርኛ ከሆነ ዎርድፕሬስ ሊንኩንም በአማርኛ ያወጣዋል። ሰው ገልብጦ ሲልከው አንዱ የግዕዝ ፊደል ወደ 9 ምልክት ይቀየርና በፐርሰንት የታጨቀ ረጅም ነገር ይሆናል። አድራሻው ውስጥ ለምድቡ ስም የተፈቀደው 200 ምልክት ስለሆነ ከ22 ፊደል በላይ የሆነው ይቆረጣል። ስሙን በአማርኛ፣ አድራሻውን በአጭር የላቲን ፊደል ያድርጉት። ይህን ገና ሲከፍቱት ያድርጉ። የአንድ ጽሑፍ አድራሻ ቢቀየር ዎርድፕሬስ አሮጌውን ሊንክ ወደ አዲሱ ይመራዋል፤ ለምድብና ለታግ ግን ይህን አያደርግም።

7. ሳያዛውሩ ማጥፋት

የተዝረከረከ ነገር ያየ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው «አጥፋ» የሚለው ላይ ነው። ምድብ ቢጠፋ ጽሑፎቹ አይጠፉም፤ ሌላ ምድብ የሌላቸው ወደ ነባሪው ይሄዳሉ። ታግ ሲጠፋ ግን ጽሑፎቹ ያለ ታግ ይቀራሉ፣ የትኞቹ እንደነበሩ ማስታወስም አይቻልም። ስለዚህ «አሳ»ን ከማጥፋትዎ በፊት በሥሩ ያሉትን ጽሑፎች ዝርዝር ይክፈቱ፣ ሁሉንም ይምረጡ፣ በጅምላ ማስተካከያው «ዓሣ» የሚለውን ይጨምሩላቸው። «አሳ»ን ከዚያ በኋላ ያጥፉት።