ታድሶ የወጣን አልበም ከአሮጌው ቅጂ ጋር እንዴት እናነጻጽር?

የአሜሪካዊውን የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች የኸርቢ ሃንኮክን «ሄድ ሃንተርስ» አልበም ሪማስተር (ድምፁ እንደገና የተስተካከለ) ቅጂ ቱሉ ዲምቱ በሚገኘው የኮንዶሚኒየም ቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁ ዕለት፣ ሥራውን አበላሽተውታል ብዬ ተናድጄ ነበር። መክፈቻው «ካሚሊየን» የዘገየና የወረደ ሆነብኝ። ለዓመታት አብሮኝ የኖረውን ካሴት አውጥቼ በስልኬ ሰዓት ስለካው ግን፣ ሽፋኑ ላይ 15 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ የተባለው ሙዚቃ በ15 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ አለቀ። ካሴቱ ሱቅ ውስጥ ሲገለበጥ ፍጥነቱ 4 በመቶ ያህል ተዛብቶ ኖሯል፤ ይህ ደግሞ በፒያኖ ላይ በሁለት ተከታታይ ቁልፎች መካከል ካለው ርቀት ሁለት ሦስተኛውን ያህል ድምፁን ወደ ላይ ይገፋዋል። ጆሮዬ ለምዶት የኖረው ስህተቱን ነበር።

ስለዚህ በቅድሚያ መፈተን ያለበት አሮጌው ቅጂ ነው። የሙዚቃዎቹን ርዝመት በሰዓት ለክተው ሽፋኑ ላይ ከሰፈረው ጋር ያስተያዩ። በ«ካሚሊየን» መጀመሪያ ሃንኮክ አርፕ ኦዲሲ በተባለው ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ በሚፈጥር ኪቦርድ) የሚጫወተው ተደጋጋሚ የቤዝ ሐረግ የሚያርፈው ቢ ፍላት (ከቢ በስተግራ ያለው ጥቁር ቁልፍ) ላይ ስለሆነ፣ ኪቦርድ ያለው ወይም የኪቦርድ መተግበሪያ ስልኩ ላይ የጫነ ሰው ያንን ቁልፍ እየነካ መዛባቱን ወዲያውኑ ማወቅ ይችላል። ሸክላ የሚያጫውቱ ከሆነ፣ በተለይም ማጫወቻውን ዘመድ ከአሜሪካ የላከልዎ ከሆነ፣ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትራንስፎርመር የኛን 220 ቮልት ወደ 110 ያወርዳል እንጂ 50 ኸርዙን (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበትን ብዛት) ወደ 60 አይለውጠውም፤ የአንዳንድ ማጫወቻዎች ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከዚሁ ኸርዝ ነው። እንዲህ ባለው ማጫወቻ ላይ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ መዞር የሚገባው ሸክላ ወደ 28 ገደማ ይወርድና የአልበሙ ሳክስፎን ተጫዋች ቤኒ ሞፒን በእንቅልፍ ልቡ የሚነፋ ይመስላል።

ቀጥሎ በእጅዎ ያለው ምን ዓይነት እድሳት እንደሆነ ይለዩ። ሪማስተር የሚባለው አስቀድሞ ተቀላቅሎ ያለቀውን የግራና የቀኝ ቅጂ ወስዶ የድምፁን ሚዛን፣ ጉልበትና ንጽሕና እንደገና ማስተካከል ነው። ሪሚክስ ግን መሣሪያዎቹ በየብቻቸው ወደተቀረጹበት ቴፕ ተመልሶ ቅልቅሉን ከሥሩ መሥራት ነው። የመለከት ተጫዋቹ የማይልስ ዴቪስ አልበም «ቢችስ ብሩ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በነሐሴ ወር 1969 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ በስምንት ትራክ (ስምንት ድምፆችን ለየብቻ በሚይዝ) ቴፕ ተቀርጾ፣ ፕሮዲውሰሩ ቴዎ ማሴሮ ቴፑን እየቆረጠና እየቀጠለ ያዘጋጀው ይህ ሥራ፣ በ1998 እ.ኤ.አ. በሣጥን ተሰብስቦ ሲወጣ ከእነዚያው ስምንት ትራኮች እንደገና ተቀላቅሏል። እንዲህ ያለውን ሥራ ከድሮው ሸክላ ጋር አስተያይቶ «መለከቱ ቦታውን ለቀቀ» ብሎ መገረም አይገባም፤ ሥራው ራሱ ቦታ ማስለቀቅ ነበርና።

የፋይሉም ዓይነት እኩል ይሁን። ወደ 42 ደቂቃ የሚጠጋው «ሄድ ሃንተርስ» በሲዲ ጥራት፣ ሳይታመቅ፣ 440 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ በ320 ኪሎቢት ኤምፒስሪ ግን ከ100 ሜጋባይት ብዙም አይበልጥም። ከፍላሽ የተገለበጠ ቀጭን ፋይል ከአዲስ ሙሉ ፋይል ጋር ቢወዳደር ውጤቱ ስለ እድሳቱ የሚናገረው ነገር የለም። ዳታ የሚቆጥብ ሰው አንዱን ሙዚቃ ብቻ በሙሉ ጥራት ቢያወርድ ለፍርዱ ይበቃዋል።

ስለ ቤቱም ጥቂት ልበል። እኛ ሰፈር ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ስለሚጀምር የሲኖትራኮቹ ጉርምርምታ ቀኑን ሙሉ ከቤዙ ጋር ይደባለቃል፤ ስለዚህ የማዳምጠው ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ነው። ዕቃ ያልሞላበት አዲስ ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ አጨብጭበው ግድግዳው የሚመልስልዎን ድምፅ ይስሙት። ጋቢ ቢሰቅሉበት ቀጭኑን ድምፅ ይቀንሳል፣ ቤዙን ግን አይዘውም፤ ወፍራም ስፖንጅ ፍራሽ ጥግ ላይ ማቆም በመጠኑ ይሻላል። ከሁሉም የሚቀለው ባለ ሽቦ የጆሮ ማዳመጫ ነው። ግራና ቀኙን አንድ ላይ የሚጨፈልቅ ነጠላ የብሉቱዝ ስፒከር ለዚህ ሥራ አይሆንም። የስልኩ ኢኳላይዘርና ቤዝ መጨመሪያም መጥፋት አለባቸው።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። ሁለት ቅጂዎች ሲነጻጸሩ ጆሮ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ጎላ ብሎ የሚሰማውን ነው፤ ልዩነቱ 1 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ብቻ ቢሆንም እንኳ ሰሚው «ይህኛው ጮክ ይላል» አይልም፣ «ይህኛው ሕይወት አለው» ይላል እንጂ። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡ ብዙ እድሳቶች የተሠሩት ጮክ እንዲሉ ተደርገው ስለሆነ፣ ድምፅ ሳያስተካክሉ የሚሰጥ ፍርድ ሁሉ ለአዲሱ ያደላል። አሠራሩ ቀላል ነው። ሃርቪ ሜሰን በከበሮው የገባበትን አንድ የ30 ሰከንድ ክፍል ይምረጡ፤ ያንኑ ክፍል ከሁለቱም ቅጂዎች እያፈራረቁ በማጫወት፣ የስልክ ድምፅ መለኪያ መተግበሪያም ከስፒከሩ ፊት አንድ ቦታ ላይ ሳያንቀሳቅሱ አስቀምጠው፣ ጮክ የሚለውን ወደ ዝቅተኛው ያውርዱት። በጆሮ ማዳመጫ ከሆነ በጆሮዎ ግምት ከማስተካከል ሌላ አማራጭ የለም፤ እሱም ቢሆን ከምንም ይሻላል። ይህ ሲደረግ ያማረው እድሳት አንዳንዴ ወዙ ሲገፈፍ ያዩታል። ጮክ ለማለት ሲባል የከበሮው ምት አናቱ ተቆርጦ ከሆነ፣ ዱላው ስኔር የተባለውን ከበሮ የሚነካበት ያ ስለታም ቅጽበት ጠፍቶ «ጧ» የነበረው «ዷ» ይሆናል።

ከከበሮዎቹ ጋር የሚመታውን የብረት ሳህን፣ የሲምባሉን ጭራም (ድምፁ እየሟሸሸ የሚያልቅበትን) ይከታተሉ። የቴፕ ሽሽታ ለማጥፋት የተደረገ ጽዳት ከመጠን ሲያልፍ የሲምባሉን ማለቂያ አብሮ ይጠርገዋል፤ እኔ በበኩሌ ከጥቂት ሽሽታ ጋር ብኖር እመርጣለሁ። ቤዙ በአዲሱ ላይ ቢወፍር ግን ለመክሰስ አይቸኩሉ። የ«ሄድ ሃንተርስ» ሸክላ አንደኛ ገጽ 22 ደቂቃ ያህል ይዟል፣ ወፍራም ድምፅ ደግሞ ሰፊ ቦይ ስለሚፈልግ ቦዩን በሸክላው ላይ የሚቆርጠው ባለሙያ ቤዙን መቆጠብ ግድ ይሆንበታል፤ ዲጂታሉ ይህ ችግር የለበትም።

በዚያው ገጽ መጨረሻ፣ ወደ ሸክላው መሐል ተጠግቶ የሚገኘው «ዋተርሜሎን ማን» ነው። እዚያ መርፌው በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ አጭር ስለሆነ ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ እድሳት በደንብ ከተሠራ ልዩነቱ እዚህ ይታያል። የምት መሣሪያ ተጫዋቹ ቢል ሰመርስ በቢራ ጠርሙስ አፍ እየነፋ የሚጀምረው መግቢያ ከመካከለኛው አፍሪካ ሕዝቦች የአንድ ድምፅ ፉጨት የተወሰደ ነው፤ አንዱ ነፍቶ ሌላው እየመለሰ የሚሸመነው ዜማ የኛን እምቢልታ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንም። ትንፋሹ የጠርሙሱን አፍ ሲነካ የሚሰማውን «ፍ» ይፈልጉ። በካሴቴ ላይ ፈጽሞ አልነበረም፤ በሪማስተሩ ላይ ከእያንዳንዱ ፉጨት ፊት ቀድሞ ይመጣል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የመጨረሻውን ፈተና ሌላ ሰው ያድርግልዎ። እርስዎ ጀርባዎን ሰጥተው፣ የቤት ሰው ሁለቱን ቅጂዎች በፈለገው ቅደም ተከተል 10 ጊዜ ያጫውት፤ እርስዎ በየጊዜው አሮጌው ይሁን አዲሱ ይናገሩ፣ እሱም መልሱን በወረቀት ይያዝ። በዘፈቀደ የሚገምት ሰው 9 ወይም ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ 1 በመቶ ያህል ብቻ ነው። 9 ካገኙ ልዩነቱን በእርግጥ እየሰሙ ነውና የወደዱትን ይግዙ፤ 6 ወይም 7 ከሆነ ያለዎትን ቅጂ ይዘው ይቆዩ።