መጋዘን ውስጥ ስትቀርጹ የሚገጥማችሁ ችግርና መፍትሄው

ባትሪ ሞልቷል ወይ፣ ሜሞሪ ካርድ ተይዟል ወይ፣ ባለቤቱ ፈቅዷል ወይ የሚለውን አልጽፍም። ያንን ሳያጣራ የመጣ ሰው ችግሩ መጋዘኑ አይደለም። የምጽፈው ወደ ቀረጻ ቦታነት የተለወጠ መጋዘን በራሱ ጠባይ ስለሚያመጣው ጣጣ ነው። ቀለም ተቀብቶ፣ ትልልቅ መስኮት ገብቶለት ያምራል። ሲሠራ ግን የታሰበው ለዕቃ ነው። ሥራዬ ድምፅ መቅዳት ስለሆነ ወደ ድምፅ ባደላ አትፍረዱብኝ። ሰው ደጋግሞ የሚደውልልኝም በሱ ነው።

ብሬከሩ ደጋግሞ ይወርዳል

ምክንያት፦ ጭነቱ አንድ መስመር ላይ ተከምሯል። ግድግዳው ላይ አሥር ሶኬት ስላለ አሥር መስመር አለ ማለት አይደለም። ሁሉም ከአንድ ብሬከር የሚነሱ ሊሆኑ ይችላሉ። 16 አምፔር ብሬከር በ220 ቮልት የሚሸከመው 3,500 ዋት ገደማ ነው። የ2,000 ዋት መብራት በርቶ ሳለ ሜካፕ ክፍል ውስጥ የ1,800 ዋት የፀጉር ማድረቂያ ከተሰካ አለቀ።

መፍትሄ፦ ከቀረጻው በፊት ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያጠፋችሁ የትኛው ሶኬት ከየትኛው እንደሚነሳ ለዩ። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሶኬቱ ላይ ለጥፉ። ጭነቱን አከፋፍሉ። ትልልቅ መብራት ካላችሁ ጄኔሬተር አምጡ፣ ወይም ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ከዋናው ሰሌዳ መስመር ያውጣላችሁ። «ብሬከሩን በትልቅ እንቀይረው» የሚል ሰው ካለ ከቦታው አስወጡት። ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። እሱ ካልወረደ ሽቦው ይነድዳል።

ጥቅልል ኤክስቴንሽንም አለ። እንደተጠቀለለ ከባድ መብራት አትሰኩበት፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ሽፋኑ ቀልጦ እርስ በርሱ የተጣበቀ ኬብል ከሶፋ ሥር ሲጎተት አይቻለሁ። ጥቅልሉ ላይ «ሙሉ በሙሉ ዘርግተው ይጠቀሙ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ማን ያነባል!

ቪዲዮው ላይ ጥቁር መስመር ይሄዳል፣ ብርሃኑ ይርገበገባል

የጣሪያው መብራት ነው። መስመሩ 50 ኸርዝ ከሆነ መብራቱ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ሹተሩን (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) በሴኮንድ 1/50 ወይም 1/100 አድርጉት። 60 ኸርዝ በሆነበት ቦታ 1/60 ወይም 1/120። ስሎው ሞሽን ከሆነ አትድከሙ፤ አጥፉትና የራሳችሁን መብራት አብሩ።

ፊት አረንጓዴ፣ ግድግዳ ብርቱካናማ

ፍሎረሰንት፣ ሶዲየም (ብርቱካናማ የሚያበራው ትልቅ አምፖል) እና የመስኮት ብርሃን ተደባልቀዋል። ዋይት ባላንስ፣ ማለትም የካሜራው የቀለም ማስተካከያ፣ ሦስቱን ባንዴ አያስታርቅም። ሶዲየሙ ደግሞ ጭራሽ አይታረም፤ ብርሃኑ ውስጥ የሌለ ቀለም በፊልተር አይመጣም። አጥፉት። ግን ይህን እወቁ፦ ሶዲየምና ሜታል ሃላይድ (ነጭ የሚያበራው ትልቅ አምፖል) አንዴ ከጠፉ እስኪቀዘቅዙ መልሰው አይበሩም። ዳይሬክተሩ «እስቲ ለአፍታ አጥፍታችሁ አብሩት» ይላል። ከዚያ ሁሉም ቆሞ አምፖል ሲያይ ይቆያል።

የጭስ ማሽን ሲበራ አላርም ይጮኻል

የጭስ ጠቋሚው የፊልም ጭስና የእሳት ጭስ አይለይም። ያንን ክፍል ከአላርሙ መነጠል ያለበት የሕንፃው ኃላፊ ነው። አላርሙ ወደ ሥራ እስኪመለስ ድረስ እሳት ማጥፊያ የያዘ ሰው ይቁም። ጠቋሚው ላይ ፌስታል አታልብሱ። ቀረጻው አልቆ ሁሉም ሄዶ ፌስታሉ እዚያው የቀረበት ቤት አውቃለሁ። ቀጣዮቹ ተከራዮች ምን እንደሚጠብቃቸው አያውቁም ነበር።

ድምፁ ያስተጋባል

ዋናው ይሄ ነው።

ምልክቱ፦ የተዋናዩ ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ቃል በቃል ላይ ይደራረባል። ቦታው ላይ ቆማችሁ ስትሰሙት ደህና ነበር፤ ኤዲቲንግ ላይ ስትከፍቱት ግን ሰውየው በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ነው የሚመስለው። የሰው አንጎል በሁለት ጆሮ እየሰማ ማስተጋባቱን ያጣራል፣ ማይክ አያጣራም። ስለዚህ «እኔ እኮ ምንም አልሰማሁም» አትበሉኝ። ሄድፎን አድርጉና ስሙ።

ምክንያቱ፦ ሊሾ ወለል፣ ብሎኬት ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ። ልሙጥ ኮንክሪት ከደረሰበት ድምፅ የሚውጠው ከመቶ ሁለት ሦስት እጅ ቢሆን ነው። ቀሪውን ይመልሰዋል። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 17 ሜትር የራቀ ግድግዳ ደርሶ ለመመለስ አንድ አሥረኛ ሴኮንድ ይፈጅበታል። ያ ለጆሮ ራሱን የቻለ የገደል ማሚቶ ነው። ቦታ ልታዩ ስትሄዱ መሀል ላይ ቆማችሁ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው ኋላ «ትርርር» የሚል ነገር ከተከተለ ድምፁ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ነው።

ይህ አዲስ ችግር አይደለም። የፊዚክስ ሊቁ ዋላስ ሳቢን ሃርቫርድ ውስጥ ንግግር የማይሰማበትን አዳራሽ እንዲያስተካክል የታዘዘው በ1895 እ.ኤ.አ. ነው። ከሌላ አዳራሽ የመቀመጫ ትራስ እያስመጣ ሌሊት ሌሊት ይደረድርና ድምፁ ስንት ሴኮንድ እንደሚቆይ ይለካ ነበር። ያገኘው ቀላል ነው። ክፍሉ ሲሰፋ ድምፁ ይቆያል፤ የሚውጠው ነገር ሲበዛ ቶሎ ይሞታል። መጋዘን በሁለቱም ተሸናፊ ነው፤ ሰፊም ባዶም ነው። 30 በ20 ሜትር ሆኖ 8 ሜትር ከፍታ ያለው መጋዘን ውስጥ ያለው ገጽ ሁሉ ከመቶ አምስት እጅ ብቻ የሚውጥ ቢሆን፣ በሳቢን ቀመር ድምፅ ከ7 ሴኮንድ በላይ ይቆያል። ለንግግር የምንፈልገው ግማሽ ሴኮንድ አካባቢ ነው።

ስለዚህ መጋዘኑን ለማከም አትሞክሩ። ተዋናዩ የቆመባትን አራት ሜትር አክሙ።

መጀመሪያ የማይሠራውን ልንገራችሁ። የእንቁላል ካርቶን አይሠራም፤ ቶሎ እሳት ይይዛል እንጂ። ሁለት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ስስ ስፖንጅም አይሠራም። «ስ»ንና «ሽ»ን ይውጣል፣ ወፍራሙን ድምፅ አይነካውም። ውጤቱ የታፈነም የሚያስተጋባም ድምፅ ነው፤ ከሁለቱም የከፋ። አንድ ቡድን ርካሽ ስፖንጅ ገዝቶ አንድ ሙሉ ግድግዳ ላይ በማስቲሽ ለጠፈ። ስጠራ ደርሼ አጨበጨብኩ፤ «ትርርር» እንዳለ ነው። ማታ ስፖንጁን ሲነቅሉት የግድግዳው ቀለም አብሮ ተነሳ። መያዣ ብራቸውም በዚያው ቀረ።

አሁን የሚሠራው። ማይኩን አስጠጉ። ርቀቱን በግማሽ ስትቀንሱ ከአፍ በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ገደማ ያድጋል፤ ማስተጋባቱ ግን ባለበት ይቆያል። ይህን ያህል የሚረዳ ሌላ ነገር የለም፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ካሜራማኑ ፍሬሙን ትንሽ እንዲያጠብ ለምኑት። እምቢ ካለ ልብስ ላይ የምትሰካዋን ማይክ ጨምሩ።

ረጅሙን ሾትገን ማይክ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ለይቶ የሚሰማውን፣ ቦርሳ ውስጥ ተዉት። ለሜዳ ጥሩ ነው። ብዙ ነጸብራቅ ባለበት ቤት ግን ከጎን የሚመጣውን ድምፅ ቀለሙን አበላሽቶ ያስገባዋል። አጭር ሃይፐርካርዲዮይድ ይሻላል፤ እሱም በዋናነት ከፊቱ የሚሰማ ማይክ ነው። «ውድ ነው እኮ የገዛሁት» የሚል አይጠፋም። ግድግዳው ዋጋውን አያውቅም።

ከእግር ሥር ወፍራም ምንጣፍ አንጥፉ፤ ቡሙ (ከራስ በላይ በዘንግ የሚያዘው ማይክ) ወደ ታች ሲያይ የሚያየው ወለሉን ነው። ቀጥሎ የዕቃ ማጓጓዣ ወፍራም ብርድ ልብስ በስታንድ ላይ ስቀሉ። የት? ሰው ሁሉ ከተዋናዩ ጀርባ ብቻ ይሰቅላል። የተዋናዩ አፍ ግን ወደ ካሜራው ነው። መጀመሪያ በካሜራው ግራና ቀኝ፣ ቀጥሎ በጎን፣ ፍሬሙ ከፈቀደ ከኋላ። ግድግዳ ላይ አትለጥፉት፤ አንድ ክንድ ያህል አርቁት። ከፍ ያለ ጣሪያ ካለ አንዱን ብርድ ልብስ ከራስ በላይ ዘርጉ። ስታንዱ ላይ የአሸዋ ከረጢት አድርጉ። ትልቁ በር ሲከፈት የሚገባው ነፋስ ብርድ ልብሱን እንደ ሸራ ይነፋና ስታንዱን ከነመብራቱ ይጥለዋል። ብርድ ልብሱን የጋለ መብራት አጠገብም አትስቀሉ።

ሰፊ ሾት ላይ ይህ ሁሉ አይቻልም። አንድ ዳይሬክተር ተዋንያኑን ባዶው አዳራሽ መሀል አቁሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚያሳይ ሾት ረጅም ንግግር አናገራቸው። ምንጣፍም ቡምም የሚደበቅበት የለም። ሾቱ እንዳለቀ ስሜቱ ሳይበርድባቸው ተዋንያኑን ውጭ የቆመ መኪና ውስጥ አስገብቼ ያንኑ ንግግር አስደገምኳቸው። የመኪና ወንበርና ጣሪያ ድምፅ ይውጣል። ኤዲተሩ ያን ድምፅ ነው የተጠቀመው። ሰፊ ሾት ካላችሁ ይህን ከመጀመሪያው በፕሮግራም ያዙት፤ ምሽት ላይ ደክሟቸው አይሆንም።

«በሶፍትዌር ይነሳል» የምትሉ፦ ትንሽ ይነሳል። ብዙ ስታስነሱት ድምፁ ብረት ብረት ይላል። ባይሆን ከመሄዳችሁ በፊት ሁሉም ዝም ብሎ የባዶውን ቤት ድምፅ አንድ ደቂቃ ቅዱ። ኤዲተሩ መቁረጫዎቹን የሚሸፍንበት ያስፈልገዋል።

ጣሪያው ቋ! ይላል

ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። 30 ሜትር ብረት ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ይለጠጣል፤ ምስማሩ ላይ ሲንሸራተት ነው የሚጮኸው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣና ማታ ስትገባ ይብሳል። ንግግር ያለበትን ትዕይንት ሙቀቱ ሲረጋ ቅረጹ። ዝናብ ከመጣ ግን መፍትሄ የለውም፤ ድምፅ የሌለውን ትዕይንት አስቀድሙ።

ሌሎች፣ ባጭሩ

ከጣሪያ መስኮት የሚገባው ጨረር ቦታ ይቀይራል፤ ሰፊውን ሾት መጀመሪያ ጨርሱ፣ ለቀሪው መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኑ። ሴንሰር ላይ አቧራ ከታየ ሌንስ የምትቀይሩት አዳራሹ ውስጥ ነው፤ መኪና ውስጥ ቀይሩ። ርግብ ከገባች መብራቱን አጥፍታችሁ በሩን ክፈቱላት፣ አታባርሯት። ጣሪያው ቆርቆሮ ሳይሆን ግራጫ፣ ሞገድ ያለው አሮጌ የሲሚንቶ ሉህ ከሆነ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። አትብሱት፣ አትፈግፍጉት፣ ምንም አትስቀሉበት። መብራቱን ከወለል በሚነሳ ስታንድ አቁሙ።