ለአጭር የሲንጋፖር ጉብኝት ዕቅድ ሲያወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሲንጋፖር በካርታ ላይ ሲያዩዋት ትንሽ ናት። ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ጫፏ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነች፣ ባቡሯም ንጹሕና ፈጣን ስለሆነ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይዞ የሚሄድ ሰው «ሁሉንም አይቼ እመለሳለሁ» ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። አብዛኞቹ የዕቅድ ስህተቶች ግን የሚወለዱት ከዚሁ እምነት ነው። በዚህች ከተማ ጎብኚውን የሚያደክመው ሙቀቱ እንጂ ርቀቱ አይደለም፤ ስለዚህ ቦታዎችን ከመደርደር በፊት የቀኑን ሰዓታት መደልደል ይቀድማል።

ወበቁን ሳያስቡ ማቀድ

ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን አንድ ዲግሪ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ክረምትና በጋ የሚባል ነገር የላትም። ዓመቱን ሙሉ የቀኑ ሙቀት ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይደርሳል። ቁጥሩ ብቻውን ላያስፈራ ይችላል፤ ነገር ግን አየሩ በእርጥበት የተሞላ በመሆኑ፣ በተለይ ከአዲስ አበባ ወይም ከሌላ ደጋ ለመጣ ሰው፣ የእኩለ ቀን የግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞ ሸሚዙን ከጀርባው ጋር አጣብቆ ለቀሪው ቀን አቅም ያሳጣዋል። ግማሽ አንበሳ ግማሽ ዓሣ ከሆነው የሜርላየን ሐውልት እስከ ጋርደንስ ባይ ዘ ቤይ የተባለው ትልቅ መናፈሻ ያለው የማሪና ቤይ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ በካርታ ላይ የጣት ስፋት ቢያህልም፣ ከቀኑ 7 ሰዓት በእግር የሚሞከር መንገድ አይደለም።

መፍትሔው ቀኑን በሦስት መክፈል ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ሰዓታት በእኛ አቆጣጠር ሲሆኑ፣ በአገሪቱ ትኬትና ማስታወቂያ ላይ ከምሽቱ 1፡45 የሚጻፈው 19፡45 ተብሎ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ ለክፍት ቦታ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሲንጋፖር የዕፅዋት አጸድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው፤ ከውስጡ ካለው የኦርኪድ አጸድ በስተቀርም መግቢያ አይከፈልበትም። ከ6 እስከ 10 ሰዓት ያለውን ጊዜ ደግሞ ጣሪያ ባለው ቦታ ማሳለፍ ይገባል፤ በቀድሞው የጠቅላይ ፍርድ ቤትና የማዘጋጃ ቤት ሕንፃዎች ውስጥ ያለው ብሔራዊ የሥዕል ማዕከል ወይም በጋርደንስ ባይ ዘ ቤይ ውስጥ የሚገኘውና 35 ሜትር ከፍታ ያለው ፏፏቴ የሚወርድበት የመስታወት ቤት፣ ክላውድ ፎረስት፣ ለዚህ ተስማሚ ናቸው። ከሰዓት በኋላ በድንገት የሚጥለው ዶፍ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ የተለመደ ስለሆነ ጃንጥላ ከቦርሳ አይለይ።

ከሁሉ የሚያስቆጨው ስህተት ቀኑን በድካም ጨርሶ ምሽቱን በሆቴል መተኛት ነው፤ በእኔ ግምት ሲንጋፖር እጅግ የምታምረው በምሽት ነውና። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው በምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ነው። በጋርደንስ ባይ ዘ ቤይ፣ እስከ 50 ሜትር በሚደርሱት የብረት ዛፎች ላይ በነፃ የሚታየው የብርሃንና የሙዚቃ ትርኢት ከምሽቱ 1፡45 እና 2፡45 ይቀርባል። የመጀመሪያውን ትርኢት ከዛፎቹ ሥር ጋደም ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ድራጎንፍላይ የተባለውን ድልድይ ተሻግሮና ማሪና ቤይ ሳንድስ የተባለውን የሆቴል ሕንፃ አቋርጦ፣ በ3 ሰዓት በውኃው ዳር ለሚቀርበው ሌላ ነፃ ትርኢት ያለ ችኮላ ይደርሳል። ለጥገና የሚቋረጥበት ቀን ስለሚኖር ግን በዕለቱ ድረ ገጹን መመልከት ያስፈልጋል።

የሩቁን ሁሉ በአንድ ጉዞ ማካተት

በሴንቶሳ ደሴት ያለው ዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ የተባለው የመዝናኛ ፓርክ ሙሉ ቀን ይፈጃል። የማንዳይ መካነ አራዊትና የሌሊት ሳፋሪ በሰሜን ስለሚገኙ በባቡር ሄዶ እንደገና አውቶቡስ መያዝን ይጠይቃሉ። ሦስት ቀን ያለው ሰው፣ ልጆች ይዞ ከሆነ ከእነዚህ አንዱን ይምረጥ፤ ካልሆነ ደግሞ ሁሉንም ቢተዋቸው አያጣም።

የከተማዋን ማንነት የሚያሳዩት በመሐል ከተማ ተቀራርበው ያሉት የቻይናውያን ሰፈር ቻይና ታውን፣ የማላይ ሙስሊሞች ሰፈር ካምፖንግ ግላምና የሕንዶች ሰፈር ሊትል ኢንዲያ ናቸው። የሱልጣን መስጊድን ወርቃማ ጉልላትና በሴራንጉን መንገድ ያለውን የስሪ ቪራማካሊያማን ቤተ መቅደስ በአንድ ቀን ማየት ይቻላል፤ ጫማ ማውለቅና ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ልብስ መልበስ ያስፈልጋል፤ ለመስጊዱ ከዓርብ ሌላ ቀን ይመረጥ። በሂል ጎዳና የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1835 የተሠራው የአርመን ቤተ ክርስቲያን በከተማዋ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ጥንታዊው ነው። የአርመን ቤተ ክርስቲያን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እኅት በመሆኗ፣ ለምእመናን ይህ ቦታ ከመስህብነት በላይ ነው።

በማሪና ቤይ ሳንድስ ጣሪያ ላይ ያለውን መዋኛ በፎቶ ዓይተው ትኬት የሚገዙም አሉ። ትኬቱ የሚያስገባው ወደ መመልከቻው ሰገነት ብቻ ነው፤ መዋኛው ለሆቴሉ እንግዶች የተወሰነ ነው።

የተለጠፈውን ዋጋ የመጨረሻ አድርጎ መቁጠር

ከሆቴልና ከሬስቶራንት ዋጋ ጎን ሁለት የመደመር ምልክቶች ካዩ፣ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በዚያም ላይ 9 በመቶ የሽያጭ ግብር እንደሚታከል ይወቁ። 100 ዶላር የተባለው ክፍል በአገልግሎት ክፍያው 110፣ በግብሩ ደግሞ 119.90 የሲንጋፖር ዶላር ይሆናል። ለሦስት ሌሊት ሲባዛ ልዩነቱ ወደ 60 ዶላር ይጠጋል። የመኪና ውድድር በሚካሄድበት በመስከረም መጨረሻ አካባቢ ደግሞ የሆቴሎች ዋጋ ራሱ ስለሚንር ቀን ከመቁረጥ በፊት ማጣራት ይበጃል።

በባቡርና በአውቶቡስ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ያለው የባንክ ካርድ በማስነካት ብቻ መክፈል ይቻላል። በትናንሽ ምግብ መሸጫዎች ግን ጥሬ ገንዘብ አሁንም ስለሚያስፈልግ፣ ከአገር ቤት የሚነሳ ሰው የውጭ ምንዛሪውን ከባንኩ ቀደም ብሎ ይጠይቅ።

ሆከር ሴንተሮችን መናቅ

«የመንገድ ምግብ ነው» ብሎ በገበያ ማዕከል ሬስቶራንት ብቻ መመገብ ገንዘብንም ጣዕምንም ማባከን ነው። ሆከር ሴንተር በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ ትናንሽ ኩሽናዎች የሚሠሩበት የሕዝብ መመገቢያ ሲሆን፣ ባህሉ እ.ኤ.አ. በ2020 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የተለጠፈው ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ ነው። በቻይና ታውን ማክስዌልን፣ በሊትል ኢንዲያ ቴካን መሞከር ይቻላል። ጠረጴዛ ላይ የሶፍት ፓኬት ተቀምጦ ካዩ ቦታው ተይዟል ማለት ስለሆነ አይቀመጡበት፤ በልተው ሲጨርሱም ትሪዎን ወደ መመለሻው ይውሰዱ፤ ይህ በሕግ የተደነገገ ግዴታ ነው።

ጿሚዎች ልብ ይበሉ፦ የሕንድ አትክልት ቤቶች ሥጋ ባይኖራቸውም ወተትና ቅቤ በብዛት ይጠቀማሉ፤ ስለዚህ ሳያዝዙ በፊት ቅቤ፣ ወተትና እርጎ እንደሌለበት ይጠይቁ። ሙስሊም ተጓዦች ደግሞ በመሸጫው ላይ የተለጠፈውን የሐላል ምስክር ወረቀት በማየት በቀላሉ መምረጥ ይችላሉ።

ሕጎቹን እንደ ወሬ መስማት

ማስቲካ ወደ አገሪቱ ማስገባት የተከለከለ ነው። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ይዞ መገኘት ራሱ ያስቀጣል፤ መደበኛ ሲጋራም ከአንድ ፍሬ ጀምሮ ቀረጥ ስላለው ሳያሳውቁ መግባት ያስቀጣል። በባቡር ውስጥ መብላትና መጠጣት አይፈቀድም። መኪኖች በግራ ስለሚነዱ መንገድ ሲሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይመልከቱ። ሶኬታቸው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆነ አዳፕተር ያስፈልጋል።

ወረቀቶችን ለመጨረሻ ቀን ማቆየት

ፓስፖርቱ ቢያንስ ለስድስት ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። የመግቢያ ቅጹ ከመድረስዎ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ በኢሚግሬሽን ባለሥልጣኑ ድረ ገጽ በነፃ ይሞላል፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠመዎ የመንግሥት አይደለም። ከሁሉ የሚብሰው የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ኢትዮጵያ በሽታው ያሰጋቸዋል ከሚባሉት አገሮች አንዷ በመሆኗ፣ ከመድረሱ በፊት በነበሩት 6 ቀናት ውስጥ እዚህ የቆየ ሰው፣ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ መጥቶ ቤተሰብ ጠይቆ የሚያልፍ ቢሆን እንኳ፣ የክትባት ካርዱን ማሳየት አለበት። ካርዱ ዋጋ የሚኖረው ከተከተቡ 10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመነሻው ሳምንት መሯሯጥ አይጠቅምም።

ጁወልን ከፓስፖርት ቁጥጥር በኋላ መፈለግ

በቻንጊ አውሮፕላን ማረፊያ 40 ሜትር ከፍታ ካለው ጣሪያ የሚወርደው ፏፏቴ ያለበት ጁወል የተባለው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተ ሲሆን፣ የሚገኘው ከፓስፖርት ቁጥጥሩ ውጭ ነው። ብዙዎች ለመነሻው ሰዓት አስቀምጠውት፣ ቁጥጥሩን ካለፉ በኋላ ያጡታል። በመመለሻዎ ቀን ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብለው ይድረሱ፤ አየር መንገድዎ ሻንጣ ቀድሞ የሚቀበል ከሆነ ያስረክቡት፤ ጁወልን ጎብኝተው ከጨረሱ በኋላ ብቻ ወደ ቁጥጥሩ ይሂዱ።