የበቆሎ ዳቦዬ መፈርፈሩን ያቆመበት መንገድ

ሦስት ጊዜ ጋገርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ቢላዋ ሲነካው ስለፈራረሰ በማንኪያ በላሁት። መጀመሪያ ዱቄቱን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ምድጃውን። ጥፋቱ ግን የእኔ ችኮላ ነበር። በቆሎ እንደ ስንዴ ሊጥን የሚያያይዝ ግሉተን የለውም፤ ሸካራ ዱቄቱም ውሃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው።

አሁን ከ2 ኩባያ የበቆሎ ዱቄት ግማሹን በ1 ኩባያ የፈላ ውሃ አማስዬ 15 ደቂቃ አሳርፈዋለሁ። ገንፎ ይመስላል፤ ይምሰል። በደንብ ሲበርድ 2 እንቁላል፣ 1 ኩባያ አሬራ፣ የቀረውን ዱቄት፣ ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ እጨምራለሁ። (እንቁላሉን በትኩሱ ጨምሬ የጠበስኩበትን ቀን አልቆጥረውም።) ዘይት የተቀባውን የብረት መጥበሻ በ220 ዲግሪ ምድጃ አግዬ ሊጡን ስገለብጥበት ይንጫጫል። ከ25 ደቂቃ በኋላ አወጣሁት፤ 10 ደቂቃ ታግሼ ቆረጥኩት። ቁራጩ ቀጥ ብሎ ቆመ።