ጣውላ በጠረጴዛ መጋዝ ሲሰነጠቅ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ድሬዳዋ ውስጥ በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን በሚሠራበት ቤት ሁሉ ጣውላ ሲበላሽ ቀድሞ የሚወቀሰው ዲስኩ፣ ማለትም የማሽኑ ክብ ባለ ጥርስ መጋዝ ነው። ይሳላል፣ አንዳንዴም አዲስ ይገዛል፤ ጣውላው ግን ያው ተዛንፎ ይወጣል። ከዲስኩ በፊት መፈተሽ ያለበት ጋይዱ ነው፤ ጣውላው ተደግፎ የሚሄድበት ብረት ማለት ነው። ፍተሻ ሲጀምሩ ሶኬቱን ይንቀሉ።

ጣውላው አንድ ጫፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ይሆናል፤ ጎኑም ተቃጥሎ ይጠቁራል

ጋይዱ ከዲስኩ ጋር ትይዩ አይደለም። በኋላ በኩል ወደ ዲስኩ ከተጠጋ ጣውላው መሃል ላይ ይጨመቃል፤ የኋላ ጥርሶች ጎኑን እየፋቁ ያቃጥሉታል።

ከዲስኩ ላይ አንድ ጥርስ መርጠው በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት። ጥርሱን ወደ ፊት አምጥተው እስከ ጋይዱ ያለውን ርቀት ይለኩ። ከዚያ ዲስኩን በእጅ አዙረው ያንኑ ጥርስ ወደ ኋላ ይውሰዱና እንደገና ይለኩ። ሌላ ጥርስ አይለኩ፤ ዲስኩ ጥቂት የተጣመመ ከሆነ ልኬቱ ያሳስታል። ሁለቱ ልኬቶች እኩል መሆን አለባቸው። የኋላው እስከ ግማሽ ሚሊሜትር ቢሰፋ ጉዳት የለውም፤ ከጠበበ ግን ሳይስተካከል ሥራ አይጀመርም።

ጋይዱ ተስተካክሎም ካቃጠለ፣ ባለ 60 ወይም ባለ 80 ጥርስ ዲስክ ገጥመው ይሆናል። እሱ ለአግድም ቆረጣ ነው፤ በቁመት ለመሰንጠቅ ባለ 24 ጥርስ ይሻላል። ጥርሱ ላይ የደረቀ የእንጨት ሙጫም ያቃጥላል፤ ዲስኩን አውልቀው በሙቅ ውሃና በሳሙና ይጠቡት። ወደ ጋይዱ የሚዞረው የጣውላው ጎን ቀጥ ያላለ ከሆነም አስቀድመው በመላጊያ ያቅኑት።

ጣውላው ወደ ሠራተኛው ይወረወራል

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የዲስኩ የኋላ ጥርሶች ከታች ወደ ላይ፣ ከዚያም ወደ ሠራተኛው ይዞራሉ። ጣውላው ከነካቸው አንስተው በዲስኩ ፍጥነት ይወረውሩታል፤ ሆድና ደረት ደግሞ መንገዱ ላይ ነው።

መከላከያው ከዲስኩ ጀርባ የምትቆመው ቀጭን ብረት ናት። በየቤቱ «ታስቸግራለች» እየተባለች ተፈታ ጥግ ላይ ተጥላ ትገኛለች። መልሰው ይግጠሟት። ውፍረቷ ከዲስኩ አካል የሚበልጥ፣ ጥርሱ ከሚከፍተው ስንጥቅ ግን የሚያንስ መሆን አለበት። በዲስኩ ትይዩ አይቁሙ፤ ወደ ጎን ፈቀቅ ይበሉ። ግፊትዎ በዲስኩና በጋይዱ መካከል ባለው ቁራጭ ላይ ይሁን፤ ቁራጩ ዲስኩን ጨርሶ እስኪያልፍም አይልቀቁት። ቁራጩ ጠባብ ሲሆን በእጅ ሳይሆን በመግፊያ እንጨት ይግፉ። ከማዶ ያለው ረዳት ጣውላውን ከሥር ይደግፍ እንጂ አይጎትት። ሙቀቱ ቢያስገድድም ሽርጥ ታጥቆ ወይም ጓንት አድርጎ ማሽኑ ላይ መቆም አይገባም፤ ዲስኩ ጨርቁን ከያዘ እጅንም ይስባል።

ስንጥቁ ከኋላ ተመልሶ ይገጥምና ዲስኩን ይይዛል

ባሕር ዛፍ ላይ የተለመደ ነው፤ ዋንዛ ይህን ያህል አያስቸግርም። ባሕር ዛፍ ሲያድግ ውስጡ ውጥረት ይይዛል፤ ሲሰነጠቅ ይፈታና ሁለቱ ወገኖች ይጣመማሉ። ከደጋ የመጣ እርጥብ ጣውላ በድሬዳዋ ሙቀት ላዩ ቶሎ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሲቀር ደግሞ ይብሳል። ጣውላው ከተያዘ ወደ ኋላ አይሳቡት። ሞተሩን አጥፍተው ዲስኩ ሲቆም ስንጥቁ ውስጥ ሽብልቅ ያስገቡ። ወደፊት ግን ከልኩ ትንሽ አስፍተው ይሰንጥቁ፣ ጥላ ውስጥ አሳድረው በመላጊያ ካቀኑት በኋላ ወደ ልኩ ያምጡት።

የጣውላው ጠርዝ ቀጥ ያለ ማዕዘን አይሠራም

ዲስኩ ዘንበል ብሏል። የማሽኑን ምልክት አይመኑ፤ ስኳድራ (የቀጥታ ማዕዘን መለኪያ) ከዲስኩ አካል ጋር አስጠግተው ያስተካክሉ።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ ይነሳል

ማብሪያው ተራ ማብሪያ ነው። መብራት ሲሄድ ወዲያው ማብሪያውን ያጥፉ፣ ዲስኩ ላይ ያለውን ጣውላም ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ ያንሱ። ዘላቂው መፍትሄ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርቶ፣ ኃይል ሲቋረጥ ራሱ የሚጠፋና እንደገና ካልተጫነ የማይነሳ ባለ ኮንታክተር ማብሪያ ማስገጠም ነው።